ትሪፕሲን በፍሪጅ ውስጥ ራሱን ይበላል፦ ለአንድ የላብራቶሪ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ በባዮኬሚስትሪና በባዮቴክኖሎጂ ተማሪዎች መካከል ፕሮቲን ስለሚቆርጠው ኢንዛይም፣ ስለ ትሪፕሲን አጠቃቀም አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ጸሐፊው የጻፉት ለበጎ እንደሆነ ያስታውቃል። የላብራቶሪ ምክር በአማርኛ ማግኘት ብርቅ ስለሆነም ተማሪው በጉጉት ነው የተቀበለው። እኔ የተግባር ትምህርት ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት። በውስጡ ካሉት ምክሮች አብዛኞቹ ኢንዛይሙን ያበላሹታል። አንዱ ደግሞ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ትሪፕሲንን ፒኤች 8 በሆነ በፈር (የአሲድነቱን መጠን፣ ማለትም ፒኤቹን፣ ሳይለውጥ በሚቆይ ፈሳሽ) አሟሙት፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡና ለሳምንታት ተጠቀሙበት። ፍሪዘር ስለሚገድለው አታስገቡት። ዱቄቱን በሚሊግራም መመዘን ይበቃል፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ዩኒት (የኢንዛይሙ አቅም መለኪያ) የሻጭ ማስታወቂያ ነው። አቅሙን በክፍል ሙቀት ለኩ። ለማስቆም በ100 ዲግሪ 5 ደቂቃ አፍሉት ወይም ኢዲቲኤ የተባለውን ኬሚካል ጨምሩበት። ከእንስሳ ሰውነት የተገኘ ነገር ስለሆነ ማስክና ጓንት አያስፈልግም። በመጨረሻም፣ ከውጭ ከምንገዛ ከቄራ ቆሽት እያመጣን ራሳችን እናውጣው።

ተራ በተራ እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙው ጥፋት የሚመጣው ከዚያ ነውና።

«ፒኤች 8 በሆነ በፈር አሟሙት፣ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት»

ትሪፕሲን ፕሮቲን ይቆርጣል። ራሱም ፕሮቲን ነው። ጣጣው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ትሪፕሲን በዘፈቀደ አይቆርጥም። የሚቆርጠው ላይሲን ወይም አርጂኒን ከተባሉት አሚኖ አሲዶች ቀጥሎ ነው። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ፕሮሊን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያልፈዋል። የከብት ትሪፕሲን 223 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ክብደቱ 23.3 ኪሎዳልተን ገደማ ነው። ከእነዚያ አሚኖ አሲዶች መካከል 14 ላይሲንና 2 አርጂኒን አሉ። እንግዲህ አንዱ ትሪፕሲን ሌላውን ትሪፕሲን የሚቆርጥበት ቦታ ሞልቷል ማለት ነው።

ጸሐፊው «ትሪፕሲን በደንብ የሚሠራው በፒኤች 8 አካባቢ ነው» ማለታቸው ትክክል ነው። ከዚያ ተነሥተው «ስለዚህ እዚያው አስቀምጡት» ማለታቸው ነው ያላስማማን። በደንብ የሚሠራበት ፒኤች ራሱንም በደንብ የሚበላበት ፒኤች ነው። ሌላ የሚቆርጠው ፕሮቲን ከሌለ ደግሞ በአጠገቡ ያለው ራሱ ብቻ ነው። ፍሪጅ ይህንን ያዘገየዋል፤ አያቆመውም።

መፍትሔው አሲድ ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ አሲድ ፕሮቲን ያበላሻል ተብሎ ነው የተማረው። ትሪፕሲን ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኢንዛይሙ በሚቆርጥበት ቦታ ሦስት አሚኖ አሲዶች ተባብረው ይሠራሉ፦ ሂስቲዲን 57፣ አስፓርቴት 102 እና ሴሪን 195። ሴሪኑ እንዲቆርጥ ሂስቲዲኑ ፕሮቶን ሊቀበለው ይገባል። በፒኤች 3 ግን ሂስቲዲኑ አስቀድሞ ፕሮቶን ይዟል፤ ሌላ መቀበል አይችልም። መቁረጡ ይቆማል። የፕሮቲኑ ቅርጽ ግን ባለበት ይቆያል፤ አስሮ የሚይዘው 6 የሰልፈር ድልድይ አለው። መልሳችሁ ፒኤች 8 ውስጥ ስትጨምሩት ሥራውን ይቀጥላል።

ስለዚህ ዱቄቱ የሚሟሟው በ1 ሚሊሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ፒኤቹ 3 ይሆናል። በረዶ ላይ ሆናችሁ አሟሙት፤ ቀስ አድርጋችሁ አገላብጡት እንጂ አረፋ እስኪሠራ አትናጡት። በፒኤች 8 በፈር ውስጥ የምትጨምሩት ሥራ ልትጀምሩ ስትሉ ብቻ ነው። ያውም ለዚያ ሥራ የሚበቃውን ያህል።

ካልሲየምን ጽሑፉ ጨርሶ አላነሳውም። ትሪፕሲን ካልሲየም የሚይዝበት ቦታ አለው። ካልሲየም ሲይዝ ቅርጹ ይጠነክራል፣ ራሱን መብላቱም ይቀንሳል። ለመቁረጥ ካልሲየም የግድ አያስፈልገውም፤ ለመቆየት ግን ይጠቅመዋል። በሥራ በፈሩ ውስጥ 20 ሚሊሞላር ያህል ካልሲየም ክሎራይድ መጨመር የተለመደ ነው። በፈራችሁ ፎስፌት ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ ካልሲየም ፎስፌት ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርድባችኋል። ትሪስ የተባለውን በፈር ተጠቀሙ።

«ራሱን ቢበላ ምን አለበት? ትንሽ ይደክማል እንጂ» የሚል ይኖራል። መድከም ብቻ ቢሆን ኖሮ መጠኑን በመጨመር ይካካስ ነበር። ራሱን የቆረጠ ትሪፕሲን ግን ጠባዩም ይቀየራል። ከቁርጥራጮቹ አንዱ፣ ስዩዶትሪፕሲን የሚባለው፣ ኪሞትሪፕሲን የተባለው ሌላ የቆሽት ኢንዛይም እንደሚያደርገው ከላይሲንና ከአርጂኒን ውጭም ይቆርጣል። ፕሮቲን ቆርጦ በማስ ስፔክትሮሜትር (የሞለኪውሎችን ክብደት በሚለካ መሣሪያ) ለማየት ናሙና ወደ አዲስ አበባ የሚልክ የማስተርስ ተማሪ አስቡ። ውጤቱ ሲመለስ ያልጠበቃቸው ቁርጥራጮች አሉበት። የትሪፕሲኑ የራሱ ቁርጥራጮችም ተቀላቅለዋል። ተማሪው ፕሮቲኔ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ወራት ይፈጃል። የተበላሸው ግን ፍሪጅ ውስጥ ያለው ቲዩብ ነበር። ለዚህ ዓይነት ሥራ ላይሲኖቹ በኬሚካል የተሸፈኑ ልዩ ትሪፕሲን የሚሸጠውም ለዚሁ ነው።

«ፍሪዘር ይገድለዋል»

አይገድለውም። በ1 ሚሊሞላር አሲድ የሟሟ ትሪፕሲን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ብዙ ጊዜ ይቆያል። የሚጎዳው ደጋግሞ መቅለጥና መቀዝቀዝ ነው። ስለዚህ በአንድ ትልቅ ቲዩብ አታስቀምጡት። ለአንድ ቀን ሥራ የሚበቃውን እየለያችሁ በትንንሽ ቲዩብ ከፋፍሉት። ከቀለጠ በኋላ የተረፈውን ወደ ፍሪዘር አትመልሱ።

እኛ ጋ የመብራት ነገር አለ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጠዋት ሲመጣ ፍሪዘሩን የነካው ነገር ያለ አይመስልም፤ ቲዩቦቹ ግን ቀልጠው እንደገና በርደው ይሆናል። ቀላል መላ አለው። በትንሽ ኩባያ ውኃ አቀዝቅዙና በረዶው ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ካገኛችሁት ፍሪዘሩ ቀልጦ ነበር።

ደረቁ ዱቄት ደግሞ እርጥበት ይስባል። ጠርሙሱን ከፍሪዘር አውጥታችሁ ወዲያው አትክፈቱት። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ተዘግቶ ይቆይ። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ከተከፈተ ከአየር የሚመጣው እርጥበት ዱቄቱ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ዱቄቱ ጠርሙሱ ውስጥ እያለ መበላሸት ይጀምራል።

«ሚሊግራም ይበቃል፣ ዩኒት ማስታወቂያ ነው»

ከሁሉም የበለጠ ያሳሰበኝ አስተሳሰብ ይህ ነው። አንድ ኪሎ በርበሬ ስለተባለ ምን ያህል እንደሚያቃጥል አይታወቅም። ኢንዛይምም እንደዚያው ነው። ሚዛኑ የሚነግረን የዱቄቱን ክብደት ብቻ ነው። በውስጡ ምን ያህል የሚሠራ ትሪፕሲን፣ ምን ያህል የሞተ ትሪፕሲን፣ ምን ያህል ጨውና ሌላ ፕሮቲን እንዳለ አይነግረንም።

በገበያ ላይ «1:250» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትሪፕሲን አለ። አንድ እጅ ኢንዛይም በተወሰነ ሁኔታ 250 እጅ ኬዚን (የወተት ፕሮቲን) ይፈጫል ማለት ነው። ይህ ያልጠራ የቆሽት ዱቄት ነው፤ ኪሞትሪፕሲንና ሌሎች ኢንዛይሞችም አሉበት። በአንድ ሚሊግራም ከ1,000 እስከ 2,000 የቢኤኢኢ ዩኒት (ምንነቱን ከታች እናያለን) ቢኖረው ነው። በደንብ የጠራው ደግሞ በሚሊግራም 10,000 ገደማ ይደርሳል። መመሪያው 20,000 ዩኒት ከጠየቀ ከጠራው 2 ሚሊግራም ይበቃል። ካልጠራው ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ያስፈልጋል። ሁለቱን «2 ሚሊግራም ትሪፕሲን» ብሎ የጻፈ ሰው ሙከራውን ሌላ ሰው ሊደግመው አይችልም።

ዩኒቱም የሻጭ ፈጠራ አይደለም። ቢኤኢኢ የተባለውን ንጥረ ነገር ትሪፕሲን ሲቆርጠው በ253 ናኖሜትር የሚነበበው የብርሃን መመጠጥ ይጨምራል። በ25 ዲግሪ፣ በፒኤች 7.6፣ በ3.2 ሚሊሊትር ውስጥ ንባቡን በደቂቃ በ0.001 የሚያሳድግ መጠን አንድ ዩኒት ነው። ማንም ሊለካው ይችላል። ብርሃን መመጠጥን የሚያነበው ማሽን፣ ስፔክትሮፎቶሜትሩ፣ አልትራቫዮሌት ማንበብ፣ ናሙናው የሚገባበት ኩቬትም ኳርትዝ መሆን አለበት።

እነዚህ የሌሉት ላብራቶሪ ቢኤፒኤንኤ የተባለውን ሌላ ንጥረ ነገር ይጠቀም። እሱ ሲቆረጥ ቢጫ ቀለም ይሰጣል፤ በ405 ወይም በ410 ናኖሜትር ይነበባል። ተራ የፕላስቲክ ኩቬት ይበቃዋል። ለኛ ዓይነት ላብራቶሪ የምመርጠው ይህንን ነው። ተማሪው ቀለሙ ሲደምቅ በዓይኑ ያያል። ኢንዛይም ሲሠራ በዓይን ማየትን የሚያህል ትምህርት የለም።

ጠርሙሱ ላይ ዩኒት ብቻ ሳይሆን የዩኒቱን ስምም አንብቡ። የዩኤስፒ ዩኒት አለ፣ የቢኤኢኢ ዩኒት አለ፣ የቴም ዩኒት አለ። አንድ የዩኤስፒ ዩኒት 3 የቢኤኢኢ ዩኒት ያህል ነው። ስሙን ዘሎ ቁጥሩን ብቻ የወሰደ ሰው ሦስት እጥፍ ይሳሳታል።

«በክፍል ሙቀት ለኩ»

የማን ክፍል? የውጭ መመሪያ «የክፍል ሙቀት» ሲል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማለቱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውጭ ውርጭ ይጥላል፤ ማሞቂያ የሌለው ክፍል ውስጥም ካፖርት አይወልቅም። ክፍሉ 15 ዲግሪ ቢሆን ከዩኒቱ መለኪያ 10 ዲግሪ ወረደ ማለት ነው። በብዙ ኢንዛይሞች ላይ 10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ተማሪው «ትሪፕሲኑ ሞቷል» ብሎ ይጥለዋል። ኢንዛይሙ ግን ደህና ነው፤ በርዶት ነው።

ጣርማ በርን አልፋችሁ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ግቡ። እዚያ ክፍሉ ያለ ምንም ማሞቂያ ከ25 ዲግሪ ያልፋል። አንድ ዞን ውስጥ፣ በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ፣ ያው ቲዩብ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ «የክፍል ሙቀት» የሚለውን ከመመሪያችሁ ሰርዙት። ዋተር ባዝ ተጠቀሙ። በፈሩም ኩቬቱም አስቀድመው በዚያው ሙቀት ይቆዩ። ቴርሞሜትሩን ውኃው ውስጥ ክተቱት፤ የማሽኑን ቁጥር ብቻ አትመኑ።

«በ100 ዲግሪ 5 ደቂቃ አፍሉት»

ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። በዚህ ከፍታ በ91 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። የፈለገውን ያህል እሳት ብታነዱ ክፍት ዕቃ ውስጥ ከዚያ አይወጣም። ለደረቅ ብሎክ ማሞቂያ 95 ብላችሁ ብትሰጡት ቲዩቡ ውስጥ ያለው ይፈላል፤ ክዳኑም ሊፈናጠር ይችላል። ክዳን የሚቆልፍ ነገር ግጠሙበት።

ከፍታው ግን ትንሹ ችግር ነው። ትሪፕሲንን በአሲድ ውስጥ ማፍላት ገደልኩት ብሎ ለመተማመን አይበቃም። ጆን ኖርዝሮፕና ሞሰስ ኩኒትዝ ትሪፕሲንን እ.ኤ.አ. በ1931 በክሪስታል መልክ አወጡት። ኖርዝሮፕ ከጄምስ ሰምነርና ከዌንደል ስታንሊ ጋር እ.ኤ.አ. በ1946 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኘው በኢንዛይምና በቫይረስ ፕሮቲን ማጥራት ሥራ ነው። እነዚህ ሰዎች ያኔውኑ አንድ የሚገርም ነገር አሳይተዋል። በቀጭን አሲድ ውስጥ ያለ ትሪፕሲን ለአጭር ጊዜ በኃይል ቢሞቅ ቅርጹ ይፈታል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ተመልሶ ይታጠፍና ይሠራል። አሲድ ውስጥ ያለውን ቲዩብ አፍልታችሁ «አለቀለት» ብላችሁ ወደ ሌላ ናሙና ብትጨምሩት ናሙናችሁን ይበላዋል።

እንግዲህ በምን ይቁም? እንደ ሥራው ነው። ፕሮቲን በመጠኑ ለሚለይበት ጄል ከሆነ ኤስዲኤስ (ፕሮቲን የሚፈታ ሳሙና) ያለበት የናሙና በፈር ጨምራችሁ አሙቁ። ለማስ ስፔክትሮሜትሪ ከሆነ በፎርሚክ አሲድ ፒኤቹን ከ4 በታች አውርዱ፤ ይህ ማቆሚያ እንጂ መግደያ እንዳልሆነ ግን አትርሱ። በሌላ ሥራ ላይ አጋች (ኢንዛይሙን የሚያስቆም ነገር) ይጨመራል። የአኩሪ አተር ትሪፕሲን አጋች ጥሩ ነው። ፒኤምኤስኤፍ የተባለው ኬሚካልም ይሠራል። ግን እሱ መርዝ ነው፤ ውኃ ውስጥም አይቆይም። በፒኤች 8 በክፍል ሙቀት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ግማሹ ያልቃል። በአልኮል አሟሙታችሁ አስቀምጡት፣ መጨረሻ ላይ ጨምሩት።

«ወይም ኢዲቲኤ ጨምሩበት»

ይህ አጭር መልስ ይበቃዋል። ኢዲቲኤ ብረት ነክ ነገሮችን ይይዛል። በዚንክ የሚሠሩ ፕሮቲን ቆራጮችን ያቆማል። ትሪፕሲን ግን የሚቆርጠው በሴሪን ነው። ኢዲቲኤ ካልሲየሙን ስለሚወስድበት ዕድሜው ያጥራል፤ ሥራው ግን አይቆምም። ሴል የሚያሳድግ ላብራቶሪ ብዙ ጊዜ ትሪፕሲንና ኢዲቲኤን በአንድ ጠርሙስ ተቀላቅለው ነው የሚገዛው። ኢዲቲኤው ሴሎቹን እርስ በርስ ያያያዘውን ካልሲየም ይወስዳል፣ ትሪፕሲኑ ደግሞ ፕሮቲኑን ይቆርጣል። እዚያ ላይ ሥራውን የሚያቆመው ለሴሎቹ ምግብ ውስጥ የሚጨመረው ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ነው። በሴረም ውስጥ አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን የሚባል አጋች አለ። ሴረሙ ሳይታጠብ ትሪፕሲን ከተጨመረ ሴሉ ከሳህኑ የማይለቀውም ለዚሁ ነው።

«ከሰውነት የተገኘ ነው፣ ማስክ አያስፈልግም»

እዚህ ላይ ጸሐፊውን አጥብቄ እለምናቸዋለሁ፤ ይህን መስመር ያውጡት። የትሪፕሲን ዱቄት በአየር ሲተነፈስ የሳንባ አለርጂ ያመጣል። አንዴ ሰውነት ከተቆጣ በኋላ በጣም ትንሽ ብናኝ እንኳ አስም ሊያስነሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር የልብስ ሳሙና ፋብሪካዎች ውስጥ ይህ ታይቷል። ሳሙናው ውስጥ ከባክቴሪያ የተገኘ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ይጨመር ነበር። ዱቄቱን የተነፈሱት ሠራተኞች አስም ያዛቸው።

«ከሰውነት የተገኘ» የሚለው ክርክርም ራሱን ያፈርሳል። ሰውነታችን ትሪፕሲንን ምን ያህል እንደሚፈራው ተመልከቱ። ቆሽት የሚሠራው ትሪፕሲኖጅንን ነው፤ እሱ ገና አይቆርጥም። ትንሹ አንጀት ከደረሰ በኋላ ኢንትሮኪኔዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ጫፉን ቆርጦ ያነቃዋል። ቆሽቱ ይህም አልበቃ ብሎት በአጠገቡ አጋች ፕሮቲን ያስቀምጣል። ትሪፕሲኑ ቆሽት ውስጥ እያለ ያለ ጊዜው ሲነቃ ቆሽት ይቆጣል። ይህ ሰው የሚገድል በሽታ ነው።

ጓንት፣ መነጽር፣ ማስክ ይኑር። የሚመዘነው የአየር ሞገድ በሌለበት ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ጨርሶ አለመመዘን ነው። በትንሽ ጠርሙስ የሚመጣ ከሆነ አሲዱን እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሩና ሁሉንም በአንዴ አሟሙት። ዱቄቱ አይቦንም። ከፈሰሰም በደረቅ አትጥረጉት፤ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት።

«ከቄራ ቆሽት ራሳችን እናውጣው»

በዚህ ሐሳብ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ትሪፕሲን በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው፤ ከብቱ ደግሞ እኛ ጋ ነው። ኖርዝሮፕና ኩኒትዝም የጀመሩት ከከብት ቆሽት ነበር። የተፈጨውን ቆሽት በቀዝቃዛ 0.25 ኖርማል ሰልፈሪክ አሲድ ዘፈዘፉት፤ ከዚያ በአሞኒየም ሰልፌት ደረጃ በደረጃ ለዩት። ይህን ተማሪ ሊሠራው ይችላል። አሲዱንም አስተውሉ፤ እነሱም ከመጀመሪያው ራሱን እንዳይበላ ነው በአሲድ የያዙት።

ግን ጸሐፊው «ፈጭቶ በበፈር ማጥለል» ብለው ነው የጨረሱት። በዚያ መንገድ የሚወጣው ትሪፕሲን አይደለም። ያልነቃ ትሪፕሲኖጅን፣ ኪሞትሪፕሲን፣ ኢላስቴዝ፣ ላይፔዝና አጋቾቹ ያሉበት ድብልቅ ነው። ቆሽቱም ከእርድ በኋላ ወዲያው በረዶ ላይ ካልገባ በራሱ ይፈጫል። በዐቢይ ጾም ደግሞ እርድ ስለሚቀንስ የተግባር ትምህርቱ መርሐ ግብር ከወዲሁ ይታሰብበት። ለማስተማሪያ ከሆነ እሰየው፣ እንሥራው። ለምርምር መለኪያ ከሆነ ግን ዩኒቱ ተለክቶ፣ ኪሞትሪፕሲኑ ቲፒሲኬ በሚባለው አጋች ተዘግቶ፣ ንጽሕናው በጄል ታይቶ ነው።

ለጸሐፊው አንድ ሐሳብ አለኝ። ጽሑፉን አያጥፉት፤ ተማሪው ይፈልገዋል። የመጀመሪያውን ነጥብ «በ1 ሚሊሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሟሙት፣ ከፋፍላችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አስቀምጡት» ብለው ይቀይሩት፣ የማስኩን መስመር ያውጡ፣ ከላይ የታረመበትን ቀን ይጻፉበትና እንደገና ይላኩልን። እኔም ለተማሪዎቼ እልከዋለሁ።